ምርጫ 97 እና የኦሮሚያ ከተሞች፦ ድምፅ ሲቀራረብ ዳኛው ማን ነው?

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የምርጫ ጣቢያዎች ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ተከፍተው፣ በብዙ ቦታዎች ሰልፉ ሳያልቅ መሽቶ፣ ድምፅ መስጠቱ እስከ ሌሊት ቀጥሎ እንደነበር ይታወሳል። በዚያ ዓመት ለመምረጥ የተመዘገበው ሕዝብ ከ25 ሚሊዮን በላይ ነበር። ሦስተኛው አገር አቀፍ ጠቅላላ ምርጫ፣ በተለምዶ «ምርጫ 97» የምንለው፣ በኢትዮጵያ ታሪክ ገዥው ፓርቲና ተቃዋሚዎች እውነተኛ ፉክክር ያደረጉበት የመጀመሪያው ምርጫ ተብሎ እስከ ዛሬ ይነሳል።

ስለዚህ ምርጫ ብዙ የተጻፈው ከአዲስ አበባ ተነስቶ ነው። መስቀል አደባባይ፣ የከተማው ምክር ቤት፣ የሰኔው ተኩስና የጥቅምቱ እስር በተደጋጋሚ ተነግረዋል። ከደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) እስከ አዳማ፣ ከዚያም በስምጥ ሸለቆው በኩል እስከ ዝዋይና ሻሸመኔ ላሉት ከተሞች ግን ምርጫው ሌላ ጥያቄም ነበረው። የኦሮሚያ ዋና ከተማ የት ይሁን የሚለው ጥያቄ የተመለሰው በዚሁ ምርጫ ማግስት ነው። ይህ ጽሑፍ የምርጫውን ተፎካካሪዎች፣ ውጤቱን፣ የመቀመጫ አከፋፈሉን አሠራርና የአዳማን ጉዳይ በአንድ ላይ ለማየት የተዘጋጀ ነው።

ተፎካካሪዎቹ እነማን ነበሩ?

በአንድ ወገን ኢሕአዴግ ነበር። የግንባሩ አባላት ሕወሓት፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድና ደኢሕዴን ሲሆኑ ርዕዮተ ዓለሙ «አብዮታዊ ዴሞክራሲ» ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እንዲቀጥል፣ ፌዴራላዊ አወቃቀሩም በብሔር ብሔረሰቦች መብት ላይ እንዲመሠረት ይከራከር ነበር። የድጋፉ መሠረት አርሶ አደሩ እንደሆነ ራሱ ግንባሩ ይናገራል።

በሌላው ወገን ሁለት ትልልቅ የተቃዋሚ ስብስቦች ተሰለፉ። ቅንጅት ለአንድነትና ለዴሞክራሲ (ቅንጅት) መኢአድን፣ ኢዴፓ-መድኅንን፣ ቀስተ ደመናንና የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ሊግን ያቀፈ ሲሆን ሊቀ መንበሩ ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ነበሩ። ቅንጅት የሊበራል ዴሞክራሲን መንገድ እንደሚከተል ያስታወቀ፣ የግለሰብ መብትን የሚያስቀድምና የመሬት ይዞታ ለግል ባለቤትነት እንዲከፈት የሚፈልግ ድርጅት ነበር። ሁለተኛው በ1995 ዓ.ም. መጨረሻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኃይሎች ኅብረት (ኅብረት) ነው። ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የሚመሩት ድርጅትና የዶክተር መረራ ጉዲና የኦሮሞ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኦብኮ) በኅብረት ጥላ ሥር ነበሩ።

በኦሮሚያ ከእነዚህ ሌላ የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ (ኦፌዴን) ለብቻው ተወዳድሯል። ስለዚህ በኦሮሚያ ያለ መራጭ የቀረበለት ምርጫ «ኢሕአዴግ ወይስ ተቃዋሚ» የሚል ብቻ አልነበረም። ኦሕዴድ ይሻላል? የኦሮሞን ጥያቄ በሌላ መንገድ የሚያነሱት ኦብኮና ኦፌዴን? ወይስ በአገር አንድነትና በግለሰብ መብት ላይ ያተኮረው ቅንጅት? በባቡር ሐዲድ፣ በስኳር ፋብሪካና በንግድ ተስበው ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች በሚኖሩባቸው እንደ አዳማ፣ ሞጆና መተሐራ ባሉ ከተሞች ይህ ጥያቄ ጎረቤትን ከጎረቤት፣ አንዳንዴም ባልን ከሚስት የሚያከራክር ነበር።

ምርጫውን የለየው ነገር

ከዚያ በፊት በ1992 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ተቃዋሚዎች በተወካዮች ምክር ቤት ያገኙት 12 መቀመጫ ብቻ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ግን የፖለቲካ ክርክሮች በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ተላለፉ። ሚኒስትሮች በሕዝብ ፊት ሲጠየቁና ሲሞገቱ ማየት ለብዙዎች አዲስ ነበር። የአውሮፓ ኅብረትና የካርተር ማዕከል ታዛቢዎቻቸውን ላኩ። የኅብረቱን ቡድን ወይዘሮ አና ጎሜሽ፣ የካርተርን ቡድን ራሳቸው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መርተዋል።

ሚያዝያ 29 ቀን ኢሕአዴግ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቀን ቅንጅት በመስቀል አደባባይ የጠሯቸው ሰልፎች የፉክክሩን መጠን አሳዩ። የኢሕአዴግ ምልክት ንብ፣ የቅንጅት ደግሞ ሁለት ጣት ነበር። የቅስቀሳው ቋንቋ ግን ሁልጊዜ ጨዋ አልነበረም። የገዥው ፓርቲ ባለሥልጣናት ተቃዋሚውን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር እስከ ማነጻጸር ደርሰዋል።

ውጤቱ በቁጥር

በድምፅ መስጫው ማግስት ኢሕአዴግ አዲስ አበባን መሸነፉን አምኖ አገር አቀፉን ምርጫ ግን ማሸነፉን አስታወቀ። ተቃዋሚዎችም በበኩላቸው አሸንፈናል አሉ። የምርጫ ቦርድ ውጤቱን ሰኔ 1 ቀን ይገልጻል ተብሎ ሲጠበቅ ወደ ሐምሌ 1 ቀን ተላለፈ። ጥርጣሬውን ያባባሰው በዋናነት ይህ መዘግየት ነው። ፓርቲዎቹ በ299 የምርጫ ክልሎች ላይ አቤቱታ አቀረቡ። ከማጣራቱ በኋላ በ31 የምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ቀን ድጋሚ ምርጫ ተካሄደ። የሶማሌ ክልል ምርጫም የተካሄደው በዚሁ ቀን ነው። የመጨረሻው ውጤት ይፋ የሆነው ነሐሴ 30 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር።

ከ547 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ ኦፌዴን 11 አገኙ። ቀሪው በአጋር ድርጅቶች፣ በአነስተኛ ፓርቲዎችና በአንድ የግል ተወዳዳሪ ተያዘ።

በየክልሉ ሲታይ ሥዕሉ ይለያያል፦

— በአዲስ አበባ ቅንጅት 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎችም 137ቱን ወሰደ።

— በትግራይ 38ቱንም መቀመጫዎች ሕወሓት አሸነፈ።

— በአማራ ክልል ከ138 መቀመጫዎች ብአዴን 87፣ ቅንጅት 50 አገኙ።

— በኦሮሚያ ከ178 መቀመጫዎች ኦሕዴድ 110፣ ኅብረት 40፣ ቅንጅት 16፣ ኦፌዴን 11 አገኙ። አንዷን መቀመጫ በግል የተወዳደሩት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በደምቢ ዶሎ አሸነፉ።

ይህ ማለት በኦሮሚያ ከአምስት መቀመጫዎች ሁለቱ ገደማ ከገዥው ፓርቲ እጅ ወጥተዋል ማለት ነው። በአንድ በኩል ሲታይ ኦሕዴድ ክልሉን ያለ ጥርጥር ይዟል። በሌላ በኩል ግን ከአምስት ዓመት በፊት ተቀናቃኝ አልነበረውም ሊባል በሚችልበት ክልል 68 መቀመጫዎችን ማጣት ቀላል ነገር አልነበረም።

«አንድ ድምፅ የበለጠ አለፈ»

በኢትዮጵያ የምርጫ ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ይህንን ደንግጓል። ሥርዓቱ ለመረዳት ቀላል ነው፤ መራጩም ወኪሉን በስም ያውቃል። ድምፅ ሲቀራረብ ግን የራሱ ጣጣ አለው።

ለምሳሌ ያህል 1,000 ድምፅ በተሰጠበት የምርጫ ክልል አንድ ፓርቲ 400፣ ሁለተኛው 330፣ ሦስተኛው 270 ቢያገኙ መቀመጫውን የሚወስደው 400 ያገኘው ነው። 600ው መራጭ ሌላ ቢፈልግም ድምፁ በምክር ቤት ወንበር የለውም። ቅንጅት፣ ኅብረትና ኦፌዴን በአንድ ቦታ በተወዳደሩበት ሁሉ ይህ ስሌት ለኦሕዴድ ሊያደላ ይችል ነበር። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ያው ሥርዓት በተቃራኒው ሠርቷል። ኢሕአዴግ በከተማዋ ደጋፊ አልነበረውም ማለት ባይቻልም 23ቱንም መቀመጫዎች አጥቷል።

ሁለተኛው ጣጣ የምርጫ ክልል አከላለል ነው። አዲስ አበባ ራሷን የቻለች በመሆኗ የከተማው ድምፅ በከተማው ይቆጠራል። የክልል ከተማ ድምፅ ግን በዙሪያው ካሉ የገጠር ቀበሌዎች ጋር በአንድ ኮሮጆ ሲደመር ውጤቱን የሚወስነው የገጠሩ ብዛት ሊሆን ይችላል። በከተማ ቡና ቤት ተቀምጦ «ሁሉም የመረጠው እገሌን ነው» የሚል ሰው፣ ከከተማው ጥግ አልፎ ያለውን መራጭ ካላሰበ፣ ውጤቱ ሲነገር መደንገጡ አይቀርም። ይህ ሲባል ግን በገጠር የተነሱት የማስፈራራት፣ የታዛቢ ማባረርና የኮሮጆ ግልበጣ አቤቱታዎች መሠረት አልነበራቸውም ለማለት አይደለም።

የፖላንድ ተመሳሳይ ዓመት

ለማነጻጸር ያህል ፖላንድን ብናይ፣ በዚያው ዓመት መስከረም 15 ቀን 1998 ዓ.ም. ፖላንዶች የምክር ቤት ምርጫ አድርገው ነበር። ወግ አጥባቂው «ሕግና ፍትሕ» ፓርቲ 27 በመቶ፣ ሊበራሉ «የዜጎች መድረክ» 24 በመቶ ድምፅ አገኙ። የአገሪቱ ሥርዓት ተመጣጣኝ ውክልና ስለሆነ ከ460 መቀመጫዎች 155ቱና 133ቱ ደረሷቸው። ከአንድ ወር በኋላ በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሁለተኛ ዙር ወግ አጥባቂው ሌህ ካቺንስኪ ሊበራሉን ዶናልድ ቱስክን በ54 ለ46 በመቶ ረቱ። እዚያም ትልልቅ ከተሞች ወደ ሊበራሉ፣ ገጠሩና የምሥራቁ ክፍል ወደ ወግ አጥባቂው ያደላሉ።

ፉክክሩ ከሃያ ዓመት በኋላም አልበረደም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ሕግና ፍትሕ አንደኛ ወጥቶም መንግሥት መመሥረት አልቻለም። የቱስክ ጥምረት በመቀመጫ ስለበለጠ ሥልጣኑን ያዘ። ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ደግሞ ወግ አጥባቂዎቹ የደገፏቸው ካሮል ናቭሮትስኪ የዋርሶውን ከንቲባ ራፋው ትሻስኮቭስኪን ያሸነፉት በ50.89 ለ49.11 በመቶ ነው። የቆጠራ ስህተት ተፈጥሯል የሚሉ ብዙ አቤቱታዎች ቀረቡ፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ምርጫውን አጸደቀ፤ አሸናፊው ሐምሌ 30 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ፖላንዶች በፍርድ ቤታቸው ገለልተኛነት ላይ እርስ በርስ የሚወዛገቡ ቢሆኑም ክርክሩ ከችሎትና ከምክር ቤት አልፎ ደም አላፋሰሰም።

ንጽጽሩ ልክ እንደማይሆን ግልጽ ነው። የእኛ ፓርቲዎች «ሊበራል» እና «ወግ አጥባቂ» በሚሉ ስያሜዎች በትክክል አይከፈሉም። ገዥው ግንባር አብዮታዊ ነኝ ይል ነበር፤ ሊበራል ነኝ የሚለው ቅንጅት ደግሞ ጠንካራ የአገር አንድነት ስሜት ያላቸውን አንጋፋዎች አቅፎ ነበር። ሆኖም ከፖላንድ የሚወሰድ አንድ ትምህርት አለ። ተቀራራቢ ምርጫ በራሱ አደጋ አይደለም። አደጋው ተሸናፊው የሚያምነው ዳኛ ሲጠፋ ነው።

አቤቱታው እንዴት ታየ?

በ1997 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አቶ ከማል በድሪ በተመሳሳይ ጊዜ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትም ነበሩ። ተቃዋሚዎች ቦርዱ ገለልተኛ አይደለም ብለው ይከሱ ነበር። አቤቱታዎቹን እንዲያጣሩ የተቋቋሙት ቡድኖች ከቦርዱ፣ ከከሳሹና ከተከሳሹ ወገን በተውጣጡ አባላት የተዋቀሩ በመሆናቸው ውሳኔው በመጨረሻ በቦርዱ ተወካይ ድምፅ ላይ ይወድቅ ነበር። የካርተር ማዕከል የአብዛኞቹ የምርጫ ክልሎች ውጤት ተአማኒ መሆኑን ሲገልጽ በአቤቱታ ማጣራቱና በድጋሚ ምርጫው ላይ ቅሬታ አቅርቧል። የአውሮፓ ኅብረት ቡድን ሂደቱ ዓለም አቀፍ መስፈርቶችን አላሟላም ብሏል።

በድምፅ መስጫው ዕለት ምሽት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ለአንድ ወር ሰልፍ ማድረግን ከለከሉ። ሰኔ 1 ቀን በአዲስ አበባ ተኩስ ተከፈተ። በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ሁለተኛው ዙር ተከተለ። ጉዳዩን የመረመረው አጣሪ ኮሚሽን ባቀረበው ቁጥር መሠረት በሁለቱም ጊዜ 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች ሞተዋል። ኮሚሽኑ የተወሰደው እርምጃ ከመጠን ያለፈ አልነበረም ብሎ ሪፖርት ቢያደርግም፣ ምክትል ሰብሳቢው አገር ጥለው ከወጡ በኋላ የመጀመሪያው ድምዳሜ ተቃራኒ እንደነበር ተናግረዋል።

ቅንጅት መስከረም 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ወደተከፈተው ምክር ቤት እንደ ድርጅት አልገባም፤ ከተመራጮቹ ብዙዎቹ ግን በኋላ ገብተዋል። ኅብረትና ኦፌዴን ወንበራቸውን ያዙ። የቅንጅት መሪዎች ታሥረው ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ።

አዳማ ያገኘችውና ያጣችው

አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። «ናዝሬት» የሚለው ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ ተወስዶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሰጣት ሲሆን በ1992 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ ስሟ በይፋ ተመልሳለች። በዚያው ዓመት የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ።

ውሳኔው ለአዳማ ነጋዴና ባለ ቤት መልካም ዜና ቢሆንም በኦሮሞ ምሁራንና ተማሪዎች ዘንድ ከባድ ተቃውሞ አስነሳ። ተቃዋሚዎቹ ፊንፊኔን መልቀቅ ማለት የኦሮሞን የባለቤትነት ጥያቄ መተው ነው አሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49(5) ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ላይ ያላትን ልዩ ጥቅም እንደሚጠብቅ ቢደነግግም ዝርዝሩ በሕግ አልወጣም ነበር። የሜጫና ቱለማ ማኅበር የተቃውሞው ግንባር ቀደም ሆነ፤ በ1996 ዓ.ም. ታገደ። በዚያው ዓመት ጥር ወር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኦሮሞ ተማሪዎች ተቃውሞ በማሰማታቸው ብዙዎች ከትምህርት ገበታቸው ተባረሩ።

አምስት ዓመት ያህል ያልተሰማው ጥያቄ ከምርጫው በኋላ በአንድ ወር ውስጥ መልስ አገኘ። ሰኔ 3 ቀን 1997 ዓ.ም. ኦሕዴድ የክልሉ ዋና ከተማ ወደ አዲስ አበባ እንደሚመለስ አስታወቀ። ተቀናቃኞቹ ፓርቲዎች ውዝግቡን በሰላም ለመፍታት የተፈራረሙትም በዚሁ ቀን ነበር። ውሳኔውን ብዙ ታዛቢዎች የተረዱት አዲስ አበባ በቅንጅት እጅ ከመውደቋ ጋር አያይዘው ነው። ትናንት ለጥያቄው የታሠሩና የተባረሩ ሰዎች ምክንያታቸው ተሰማ፤ የተሰማው ግን ለእነሱ ተብሎ አልነበረም።

አዳማም ብትሆን አልተጠየቀችም። ስትመረጥም ስትለቀቅም ውሳኔው የተላለፈው ከበላይ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ መጥቶ እንደገና ጓዙን ጠቀለለ፤ ቢሮ ይከራያል ብሎ ፎቅ የጀመረው ሰው ሌላ ተከራይ መፈለግ ነበረበት። ከተማዋ ግን አልሞተችም። በጅቡቲ መንገድ፣ በስብሰባ ቱሪዝምና በንግድ መኖሯን ቀጠለች፤ የጨፌ ኦሮሚያ ጉባዔዎችም በአዳማ ሲካሄዱ ቆይተዋል።

ከዚያ በኋላ

ተቀራራቢ ምርጫ ከዚያ ወዲህ አልታየም። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን፣ በ2007 ዓ.ም. ሁሉንም ያዙ። መቶ በመቶ ያሸነፈው መንግሥት ግን አንድ ዓመት ሳይሞላው በኦሮሚያ ከተሞችና ገጠሮች የተቀጣጠለውን ተቃውሞ ገጠመው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰዎች ሞቱ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከተለ፤ በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ መጣ። በምርጫ ሳጥን ያልተሰማ ቅሬታ በመንገድ ላይ መውጣቱ የሚያስገርም አይደለም።

ከለውጡ በኋላ የቅንጅት ምክትል ሊቀ መንበር የነበሩት ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በኅዳር 2011 ዓ.ም. የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ተሾሙ። አዲስ የምርጫ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ወጣ። የአብላጫ ድምፅ ሥርዓቱ ግን በሕገ መንግሥቱ የተደነገገ በመሆኑ እንዳለ ቀረ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ምርጫ ብልጽግና ፓርቲ ውጤታቸው በቅድሚያ ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ወሰደ። በኦሮሚያ ዋነኞቹ ተቃዋሚዎች ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ውጪ ነበሩ።

ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. የነበረው የአዳማ መራጭ ያገኘውን ምርጫ ልጁ አላገኘውም። ያኔ በወረቀቱ ላይ በእርግጥ የሚለያዩ አማራጮች ነበሩ። የጎደለው፣ ድምፁ ተቆጥሮ ክርክር ሲነሳ ሁለቱም ወገን «ይሁን» የሚሉት ዳኛ ነበር።

ለማስታወስ ያህል፦ ዋና ዋና ቀናት

1992 ዓ.ም. — የኦሮሚያ ዋና ከተማ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ።
ግንቦት 7 ቀን 1997 — ሦስተኛው ጠቅላላ ምርጫ።
ሰኔ 1 ቀን 1997 — በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ግጭት።
ሰኔ 3 ቀን 1997 — የፓርቲዎቹ ስምምነት፤ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ አበባ የመመለስ ውሳኔ ይፋ መሆን።
ነሐሴ 15 ቀን 1997 — ድጋሚ ምርጫና የሶማሌ ክልል ምርጫ።
ነሐሴ 30 ቀን 1997 — የመጨረሻው ውጤት።
መስከረም 30 ቀን 1998 — የምክር ቤቱ መከፈት።
ጥቅምት 22 ቀን 1998 — የሁለተኛው ዙር ግጭት መጀመር።
ሐምሌ 13 ቀን 1999 — የቅንጅት መሪዎች በይቅርታ መፈታት።